የአባቷ ቮልስና የወርቁ መሶብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣ በስደት አገር ያላችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤ ሌሊት ሥራ ጨርሳችሁ፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ በስልካችሁ ይህን ለምታነቡ፣ በእሑድ ዕረፍታችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለምትመጡ፣ ፈቃድ አጥታችሁ በልባችሁ ብቻ ለምትመጡም የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ነው። ስብከት ስለ መኪና ይሆናል ወይ እንዳትሉኝ። ጌታችን ስለ እርሾ፣ ስለ መረብ፣ ስለ ጠፋች አንዲት ድሪም አስተምሯል። የሰው ልብ ያለው በእጁ በያዘው ነገር ዙሪያ ስለሆነ ነው።

እዚህ ቤይሩት የምትኖር አንዲት እኅታችን ከቅዳሴ በኋላ ቆይታ አነጋገረችኝ። ታሪኳን ስሟን ሳልጠራ እንድናገረው ፈቅዳልኛለች። «ቀሲስ፣ አንድ ነገር ይፍረዱኝ» አለችኝ። አባቷ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። አዲስ አበባ ግቢያቸው ውስጥ በሸራ ተሸፍና የቆመች አንዲት ቮልስ ትተዋል። በ1971 ዓ.ም. በሁለተኛ እጅ የገዟት ናት። አሁን ገዢ መጣ። ወንድሟ «እንሽጣት» ይላል። እሷ ደግሞ አልሸጥም ብላለች። በየወሩ 150 ዶላር ስትልክ ከ30 ዶላር የማያንሰው የቮልሷ ድርሻ ነው። ባትሪ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። አራቱም ጎማ ተገዝቷል። ላሜራዋ ተጠግኖ ቀለም ተቀብታለች። በየዓመቱ ቦሎዋ ይታደሳል። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን የሚነዳት ሰው የለም። መካኒኩ በወር አንድ ቀን መጥቶ ሞተሯን ያስነሣል፣ ትንሽ ያሞቃታል፣ ያጠፋታል፣ ሸራዋን መልሶ ይሄዳል።

እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቸኮልኩ። «ልጄ፣ ይህማ ግልጽ ነው፤ ጌታችን ብልና ዝገት በሚያጠፉት ቦታ መዝገብ እንዳንሰበስብ አስተምሮናል (ማቴ. 6፥19)። መኪና ደግሞ የዝገት እናት ናት፤ ሽጪያትና ዕረፊ» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ዕንባዋ ወረደ። «ቀሲስ፣ እሷ ከተሸጠች አባቴ ሁለተኛ ይሞትብኛል» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የነገረችኝ ስለ ብረት አልነበረም። ለጠየቀችኝ ሳይሆን ላልጠየቀችኝ ነገር ነበር የመለስኩላት። ትክክለኛ ጥቅስ በተሳሳተ ቁስል ላይ ሲደረግ ጨው እንጂ መድኃኒት አይሆንም። ስለዚህ አብረን ተቀመጥንና ስለ አባቷ እንድታወራኝ ጠየቅኋት።

ቮልስን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ቦታዋ ከፊት ነው። የምትቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ስለሆነ ዳገት ላይ «ውኃ ፈላባት» የሚባል ነገር የለም። በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። ለዓለም ከ21 ሚሊዮን አንዷ ናት። ለእኅታችን ግን አንድ ብቻ ናት። ምክንያቱም ሰፈሩ ውስጥ ሌላ መኪና ባልነበረበት ዘመን ምጥ የያዛት ሁሉ በሌሊት የሚያንኳኳው የአባቷን በር ነበር። ከፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ይወጣሉ። አንዲት ጎረቤት ሆስፒታል ሳይደርሱ የኋላው ወንበር ላይ ወልዳለች። በኅዳር ሚካኤል አሮጊቶችን ጭነው ቤተ ክርስቲያን ያደርሳሉ፤ በሁለት ዙር፣ አንዳንዴም በሦስት። ለቅሶ ሲኖር ድንኳንና ወንበር ያመላልሳሉ። የነዳጅ እንኳ አይቀበሉም ነበር። ከመስታወቱ ሥር የእመቤታችን ትንሽ ሥዕል ነበረች፤ እስከ ዛሬም አለች።

«ሲያርፉ የት ነበርሽ?» አልኳት።

«እዚህ፣ ማዳም ቤት። በስልክ ነው የሰማሁት። እንግዳ ነበረባቸው፤ ቡና እያቀረብኩ ነበር። ማልቀስ አልቻልኩም። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩና ወጣሁ። ለመሄድም ፓስፖርቴ እጄ ላይ አልነበረም።»

ወገኖቼ፣ ይህን ስትሰሙ ስንቶቻችሁ የራሳችሁን ቀን አስታወሳችሁ? በእኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዘመድ ይመጣል፣ ተለቅሶ እርም ይወጣል። እኅታችን እርሟን አላወጣችም። አራት ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችው ለቅሶ ቮልሷ ሥር፣ በሸራው ውስጥ ተሸፍኖ ቆሟል። በየወሩ የምትልከው ገንዘብ ለባትሪና ለጎማ ይመስል ነበር። በእውነት ግን አባቷ እንዳይቀበሩ የምትከፍለው ኪራይ ነበር።

አሁን ቃሉን እንመልከት። የሞተን ሰው ዕቃ መያዝ፣ እሱንም አይቶ ማልቀስ ኃጢአት ነውን? አይደለም። ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶች ሁሉ በቅዱስ ጴጥሮስ ዙሪያ ቆመው እያለቀሱ፣ ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራቻቸውን ልብሶች ያሳዩት ነበር (ሐዋ. 9፥39)። ሐዋርያው «ልብስ ምን ያደርጋል፤ ጣሉት» አላላቸውም፤ እንደ እኔ አልቸኮለም። ልብሱ ምስክር ነበር። ይህቺ ሴት እንዲህ ትወድ ነበር፣ እጇ እንዲህ ይሠራ ነበር ብሎ ይመሰክራል። ዕቃ የፍቅር ምስክር መሆን ይችላል።

ነገር ግን እስራኤል በምድረ በዳ የበሉትን መና አስቡ። ሙሴ ማንም ከእርሱ እስከ ነገ እንዳያስቀር አዘዘ። አንዳንዶች ፈሩ። ነገ ባይወርድስ ብለው አሳደሩት፤ ተላ፣ ሸተተም (ዘጸ. 16፥19-20)። በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ እንዲሰበስቡ ተነገራቸው። ለሰንበት ያሳደሩት አልሸተተም፣ ትልም አልሆነበትም (ዘጸ. 16፥22-24)። ከዚያም እግዚአብሔር አንድ ጎሞር መና ለሚመጣው ትውልድ እንዲጠበቅ አዘዘ (ዘጸ. 16፥32-33)። በወርቅ መሶብ ሆኖ ከታቦቱ ጋር እንደ ነበረ ቅዱስ ጳውሎስ ጽፎልናል (ዕብ. 9፥4)። ቤተ ክርስቲያናችን እመቤታችንን መሶበ ወርቅ ብላ የምታመሰግናት ከዚሁ ምሥጢር ነው።

እስኪ ልብ በሉ። መናው አንድ ነው፤ ከአንድ ሰማይ የወረደ፣ በአንድ እጅ የተሰበሰበ። አንዱ በአንድ ሌሊት ተላ፣ ሌላው ለልጅ ልጅ ቆየ። ልዩነቱ ከመናው አልመጣም፤ ከአያያዙ ነው። በፍርሃት «ካልያዝኩት አጣለሁ» ተብሎ የተያዘው ተላ። በትእዛዝ፣ የሚመጡት የእግዚአብሔርን ቸርነት እንዲያዩበት የተጠበቀው ቆየ። ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ይህ ነው፤ ስለ አባት ውርስ ስትጨነቁ መጀመሪያ «ልያዝ ወይስ ልተው» ብላችሁ አትጠይቁ። «የያዝኩት በየትኛው አያያዝ ነው? እንደ ተላው ነው ወይስ እንደ መሶቡ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኅታችን ግን መጽሐፍ ታነባለችና መከራከሪያ ነበራት። «ቀሲስ፣ ናቡቴ እኮ የአባቶቹን ርስት አልሰጥም ብሎ ሞተ» አለችኝ (1ነገ. 21፥3)። ጥሩ አለች። ናቡቴ ግን እንቢ ያለው ለንጉሥ ትዕቢትና ለግፍ ነው። ርስቱም እግዚአብሔር በሕጉ ለዘለዓለም እንዳይሸጥ ያዘዘው ምድር ነበር (ዘሌ. 25፥23)። ደግሞም ወይን ነበር። ፍሬ ያፈራል፣ ሰው ይበላበታል። የእኛዋ ቮልስስ አሁን ማንን ታበላለች? ማንንስ ታደርሳለች?

ይህን ስጠይቃት ለረጅም ጊዜ አሰበች። «ማንንም» አለች።

አባቷ መኪናዋን የሚወዷት ስለምታደርስ ነበር። ሌሊት ስለምትነሣ፣ ምጥ ስለምትጭን፣ አሮጊት ስለምታሳልም ነበር። አሁን የምትነሣው በወር አንድ ቀን፣ ለመጥፋት ነው። መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነገር ያውቃል። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራው የናስ እባብ ስንቱን ከሞት አድኖ ነበር (ዘኍ. 21፥8-9)። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ሕዝቡ ዕጣን ያጥኑለት ጀመር፤ ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው (2ነገ. 18፥4)። እባቡ ክፉ ስለሆነ አልነበረም። ለማዳን የተሰጠ ነገር ማዳኑን ትቶ መሥዋዕት መቀበል ስለ ጀመረ ነው። አንድ ዕቃ ሰውን ማገልገሉን ትቶ ሰው እሱን ማገልገል ከጀመረ፣ እዚያ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ሆኖም «ሽጪ» አላልኳትም። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ነበርና። ይልቅ «እናትሽ ምን ይላሉ?» አልኳት። «እሷማ አንቺ ያልሽው ይሁን ነው የምትለው» አለችኝ። «በደንብ ጠይቂያቸው። ወንድምሽ በሌለበት፣ ሳትቸኩዪ» አልኳት።

በሚቀጥለው እሑድ መጣች። እናቷ ሲጠየቁ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ እኔማ የያዝኳት ላንቺ ብዬ ነው፤ አንቺ ስትመጪ አባትሽን እንዳታጪ ብዬ። በበሩ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ሸራዋን ሳይ ልቤ ይሰበራል» አሉ። ከዚያም ተገፍተው አንድ የደበቁትን ነገር ተናገሩ። ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪም ቀዶ ጥገና አዝዟል፤ አንድ ዓመት አልፎታል። «የአባትሽን መኪና ገንዘብ እንዳልነካብሽ ብዬ ነው» አሉ።

ልብ በሉ። ልጅ ለእናት ብላ፣ እናት ለልጅ ብላ፣ ሁለቱም የማይፈልጉትን ሸክም አራት ዓመት ተሸከሙ። መኪናዋ ቀለም ስትቀባ የእናት ዐይን ጨለመ። ክፋት ኖሮ አይደለም። ፍቅር ነበረ፤ የጎደለው መነጋገር ነበር። ስደት ከሚወስድብን አንዱ ይህ ነው። በስልክ «ደህና ነኝ፣ እናንተስ» እንባባላለን፣ ገንዘብ ደረሰ አልደረሰ እንባባላለን፤ የልባችንን ግን አንነግርም። እዚያ ያሉት እኛን ላለማሳዘን ይደብቃሉ፤ እኛም እነሱን ላለማሳዘን።

ከዚያ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከመሸጡ በፊት ለቅሶው ይቅደም አልን። የጉባኤያችን እኅቶች አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንፍሮ ቀቅለው፣ ቡና አፍልተው በአዳራሹ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። የአባቷ የክርስትና ስም ተጠርቶ ጸሎተ ፍትሐት ደረሰ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ባሕር ማዶ፣ እኅታችን እርሟን አወጣች። ሌሎችም አብረዋት አለቀሱ፤ እያንዳንዷ የራሷን ሰው። ስትነሣ «ቀሲስ፣ አባቴን ዛሬ ቀበርኩት» አለችኝ።

ቮልሷ ተሸጠች። የገዛት ቮልስ ሲጠግን የኖረ የዚያው አካባቢ ሰው ነው፤ ይነዳታል። ከገንዘቡ የእናት ዐይን ታከመ፤ የቀረውን ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ተመካክረው ተካፈሉት። ከመስታወቱ ሥር የነበረችው የእመቤታችን ሥዕል ለእኅታችን ተላከችላት። መሶቡ እሷ ሆነች ማለት ነው። ትንሽ ናት፣ ባትሪ አትፈልግም፤ ጸሎት ግን ታነሣሣለች።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥታችሁ «ቀሲስ የአባት ዕቃ ሁሉ ይሸጥ አሉ» እንዳትሉ። ሌላ ወንድም ደግሞ አለ። በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ሾፌር ነው። አባቱ የተዉትን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታላቅ ወንድሙ አዲስ አበባ ላይ በታክሲነት ይሠራባታል፤ ስድስት ነፍስ ይበላባታል። ይህ ወንድም ለዕረፍት አገር ቤት ሲገባ ጓደኞቹ «አረብ አገር እየኖርክ ቤተሰብህ በዚህች አሮጌ?» ብለው ሳቁበት። ላዳዋን ሸጦ፣ ተበድሮ ጨምሮ፣ ዘመናዊ መኪና ሊገዛ ቆረጠና «ይባርኩልኝ» አለኝ። «ልጄ፣ ያቺ ላዳ ገና ወይን እያፈራች ናት፤ አንተን የሚያሸጥህ ይሉኝታ ነው» አልኩት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገራችን እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፣ ያለውን መተካት እንደ ድሮው እንዳልሆነም ራሱ ያውቃል። አልሸጣትም። አያችሁ? አንዷ በመሸጥ ታዘዘች፣ አንዱ በመያዝ ታዘዘ። በመያዝ ውስጥ ስስት እንዳለ ሁሉ በመተው ውስጥም ታይታ አለ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ መኪናም ይሁን ቤት፣ የእናት ወርቅም ይሁን የአባት ካፖርት፣ እንዲህ ያለ ነገር ልባችሁን ሲይዘው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ፈትኑት።

አንደኛ፦ ይህ ዕቃ አሁን ማንን ያገለግላል? የተወልን ሰው በእርሱ ምን መልካም ሥራ ይሠራ ነበር? ያ ሥራ ዛሬ አለ ወይ? ሥራው ቆሞ ዕቃው ብቻ ከቀረ፣ መታሰቢያው ያለው ሥራው ጋ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ እርሱ ማን ምን ይጎድልበታል? ሙታንን የምናከብረው በሕያዋን ዐይን አይደለም። ከዕቃው በፊት የታመመውን፣ የተራበውን፣ ያልተማረውን ቁጠሩ።

ሦስተኛ፦ ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋግረናል ወይ? ውርስ የአንድ ሰው አይደለም። አንድ ሰው ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው ጌታችንን በጠየቀው ጊዜ፣ ጌታ ፈራጅ ከመሆን ይልቅ ከመጎምጀት እንዲጠበቁ አስጠነቀቀ (ሉቃ. 12፥13-15)። ከመሸጡ በፊት እናት ትሰማ፣ ወንድምና እኅት ይስማሙ። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይውጣ፣ ሊብሬው ይታይ፣ ውክልና የምትሰጡም ለምን እንደምትሰጡ አንብባችሁ ፈርሙ። ደላላ «ዛሬ ካልሆነ ነገ የለም» ሲላችሁ ያቺን የመና ፍርሃት አስታውሱ። የተጣደፈ ሽያጭ ወንድማማች ያጣላል፤ የተጣላ ቤት ደግሞ ከዛገ መኪና ይልቅ ለመጠገን ይከብዳል።

በመጨረሻም፣ ሰው ሞቶባችሁ ያላለቀሳችሁ ካላችሁ አትደብቁ። ንገሩን። የክርስትና ስማቸውን ስጡን፤ በቅዳሴ እናስባቸዋለን። ለተዝካር የሚሆን ድግስ ባይኖራችሁ ለአንድ የተራበ እንጀራ መስጠት ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን ሙታንን በሸራ አትሸፍንም፤ በመሠዊያው ፊት ስማቸውን ትጠራለች። ያ መታሰቢያ አይዝግም፤ በስደት ላለ ሰውም ሩቅ አይደለም።

የእኅታችን አባት ሌሊት በራቸው ሲንኳኳ ይነሡ ነበር። እኛም በዚህ አገር በሌሊት የሚንኳኳ በር አለን፤ ከቀጣሪዋ ቤት የወጣች፣ የታመመች፣ ደመወዟን የተከለከለች እኅት አለች። መኪና የለን ይሆናል። መነሣት ግን እንችላለን።

የያዝነውን በምስጋና እንድንይዝ፣ የምንለቀውን በእምነት እንድንለቅ አምላካችን ይርዳን። በስደት ሳሉ ወላጆቻቸውን ያጡትን ልጆቹን ያጽናና፤ ያረፉትንም ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።